«የቆዳ ነቀርሳ» ወይስ «የቆዳ ካንሰር»?
በለጋ ዕድሜ ስለሚያጋጥሙ አጋላጭ ሁኔታዎች በሚጻፉ የአማርኛ ትርጉሞች ላይ የቀረበ ሂስ

1. መግቢያ

ከጥቂት ወራት በፊት አንድ የትርጉም ረቂቅ ለቋንቋ እርማት ወደዚህ ጸሐፊ ተልኮ ነበር። ረቂቁ በውጭ አገር ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪ ወላጆች የተዘጋጀ የጤና ትምህርት ጽሑፍ ነው። የሚያስረዳውም ከውልደት ጀምሮ እስከ ወጣትነት የሚያጋጥሙ ሁኔታዎች ሰው ካደገ በኋላ በቆዳ ካንሰር የመያዙን ዕድል እንዴት እንደሚለውጡት ነው። ተርጓሚው ትጉህ መሆኑ ከሥራው ይታያል። ዓረፍተ ነገሩ የተቃና፣ ፊደሉም የተጠነቀቀ ነው፤ የባዕድ ቃል ላለመጠቀምም ብዙ ደክሟል። ይሁን እንጂ ጽሑፉን አንብቦ የጨረሰ ወላጅ ልጁን ከምን መጠበቅ እንዳለበት በትክክል አይረዳም፤ በአንዳንድ ስፍራም የዋናውን ጽሑፍ ተቃራኒ ተረድቶ ሊነሣ ይችላል።

የዚህ ሂስ ዓላማ ተርጓሚውን መውቀስ አይደለም። እርሱ የተጠቀመባቸው ቃላት በሙሉ በመዝገበ ቃላትና በመገናኛ ብዙኃን የሚገኙ ናቸው። ጥፋቱ፣ ጥፋት ከተባለ፣ ሳይንሱ ለይቶ የሚያያቸውን ፅንሰ ሐሳቦች በአንድ ስያሜ ጠቅልለን መጠቀም የለመድነው የሁላችንም ነው። ሐሳቡን ለማስረዳት ከረቂቁ አራት ጉዳዮችን መርጠን እንመለከታለን፤ እነርሱም የበሽታው ስም፣ የዕድልና የምክንያት ስያሜዎች፣ የዕድሜ ስያሜ፣ በመጨረሻም የፀሐይና የቆዳ ቀለም አገላለጽ ናቸው።

2. «ነቀርሳ» የሚለው ስያሜ

በረቂቁ ውስጥ በሽታው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው «የቆዳ ነቀርሳ» ተብሏል። አጠራሩ እንግዳ አይደለም። «የጡት ነቀርሳ»፣ «የማሕፀን ነቀርሳ» የሚሉት ሐረጎች ለረጅም ዘመን ሲሠራባቸው ቆይተዋል። በሌላ በኩል ግን «የሳንባ ነቀርሳ» ሲባል አማርኛ ተናጋሪው የሚረዳው የሳንባ ካንሰርን ሳይሆን በባክቴሪያ የሚመጣውንና በትንፋሽ የሚተላለፈውን ቲቢን ነው። ስለዚህ ነቀርሳ ሁለት በሽታዎችን ይሰይማል፤ የትኛው እንደሆነ የሚለየውም አብሮት የሚነገረው የአካል ክፍል ነው። ጡት ከሆነ ካንሰር፣ ሳንባ ከሆነ ቲቢ ነው። በዕለት ተዕለት ንግግር ይህ የልማድ ስምምነት እምብዛም አያስቸግርም።

ቆዳ ላይ ሲደረስ ግን ስምምነቱ ይፈርሳል፤ ቆዳን ሁለቱም በሽታዎች ያጠቁታልና። ሉፐስ ቩልጋሪስ የሚባለው የቆዳ ቲቢ ብዙ ጊዜ በልጅነት ይጀምርና ፊትን ቀስ በቀስ እየበላ ለዓመታት ይቆያል። በፋሮ ደሴቶች የተወለደው ሐኪም ኒልስ ፊንሰን ይህን በሽታ በተጠራቀመ የብርሃን ጨረር በማከሙ በ1903 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል። እንግዲህ የፊንሰንን ታሪክ የሚተርክ መጽሐፍና ስለ ፀሐይ ጉዳት የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ በዚሁ ስያሜ ቢተረጎሙ፣ አንደኛው ብርሃን የቆዳ ነቀርሳን ያድናል ሲል ሁለተኛው ብርሃን የቆዳ ነቀርሳን ያመጣል ይላል። ሁለቱም ጽሑፎች እውነት ተናግረዋል፤ ያጣላቸው ስያሜው ነው።

ነገሩ የመጻሕፍት ጨዋታ ብቻ እንዳይመስል ወደ እናቲቱ እንመለስ። ኢትዮጵያ ውስጥ ሕፃን እንደተወለደ በክንዱ ቆዳ ላይ የሚሰጠው የቢሲጂ ክትባት በሕዝብ ዘንድ የሚታወቀው የሳንባ ነቀርሳ ክትባት በመባል ነው። ጠባሳውም ክንድ ላይ ይቀራል። ረቂቁን ያነበበች እናት «ልጄ የነቀርሳ ክትባት ወስዷል፤ ምልክቱም ቆዳው ላይ አለ» ብላ ብትጽናና ማን ይፈርድባታል? ወይም በተቃራኒው በሽታው ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ መስሏት ታማሚ ዘመዷን ብትሸሽ? ቲቢ ይተላለፋል፤ የቆዳ ካንሰር አይተላለፍም። ይህን ልዩነት የማያሳይ ስያሜ ለጤና ትምህርት አይበቃም።

የአውሮፓ ሐኪሞች ሁለቱን ሕመሞች በሁለት እንስሳት ስም ለይተዋቸው ነበር። የቆዳ ቲቢውን በላቲን «ተኩላ» ሲሉት፣ ካንሰሩን ግን ከግሪኮች ወርሰው «ሸርጣን» ብለውታል። ዐረብኛም እንዲሁ ለእንስሳውና ለካንሰር በአንድ ቃል ይጠቀማል። አማርኛ ሸርጣን የሚለውን ቃል ለእንስሳውና ለኮከቡ ስም ሲጠቀምበት ለበሽታው አልወሰደውም። ዛሬ ተነሥቶ «የቆዳ ሸርጣን» ማለት ከአሻሚነት ወደ ግራ መጋባት መሄድ ይሆናል።

ይህ ጸሐፊ ራሱ በወጣትነቱ የአገር ቃል እያለ የውሰት ቃል አይግባ ከሚሉት ወገን ነበር፤ ነቀርሳን ደግፎም ተከራክሯል። ዛሬ ግን ሐሳቡን ለውጧል። ካንሰር የሚለው የውሰት ቃል በከተማም በገጠርም የጤና ጣቢያ ደጅ ለረገጠ ሰው የታወቀ ነው፤ አንድ ፅንሰ ሐሳብ ብቻ ይይዛል። ነቀርሳ ለሥነ ጽሑፍና ለዘይቤያዊ አነጋገር ይቆይልን፤ የማኅበረሰብ ነቀርሳ ስንል የሚሰጠው ኃይል አይናቅም። በሕክምና ጽሑፍ ግን ካንሰር ካንሰር፣ ቲቢም ቲቢ ቢባል ይሻላል።

3. መጋለጥ፣ ተጋላጭነት፣ መንስኤ

ረቂቁ የጽሑፉን ዋና ሐሳብ ሲያስቀምጥ «በልጅነት ለፀሐይ መጋለጥ ለቆዳ ነቀርሳ ተጋላጭነት መንስኤ ነው» ይላል። ዓረፍተ ነገሩ ሲነበብ አይጎረብጥም። ሲመረመር ግን ሦስት ፅንሰ ሐሳቦች ተምታተውበታል።

መጋለጥና ተጋላጭነት ከአንድ ግሥ የወጡ ናቸው። በዋናው ጽሑፍ አንደኛው ሰው ከፀሐይ ጋር መገናኘቱን ይገልጻል፤ ይህም በሰዓት የሚለካ ነው። ሁለተኛው ከብዙ ሰዎች መካከል ስንቱ በበሽታው እንደሚያዝ የሚነግር ስሌት ነው። ሦስተኛ ፅንሰ ሐሳብም አለ፤ እርሱም አንዱ ሰው ከሌላው ይልቅ በተፈጥሮው በቀላሉ የሚጎዳ መሆኑ ነው። አልቢኒዝም ያለበት ሕፃንና ጥቁር ቆዳ ያለው ሕፃን አንድ ሜዳ ላይ እኩል ሰዓት ቢጫወቱ መጋለጣቸው እኩል ነው፤ ተጋላጭነታቸው ግን እኩል አይደለም፤ ስለዚህ በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው ይለያያል። ሦስቱን በሦስት ስያሜ ካልያዝናቸው ይህን ቀላል እውነት በአማርኛ መጻፍ አይቻልም።

ሦስተኛውን ስያሜ «ዕድል» ማለት ብዙዎችን ያሳስባቸዋል። ዕድል ሲባል መልካም ዕጣ ወይም አይቀሬ ጽሕፈት ይታሰባልና፣ «በካንሰር የመያዝ ዕድል» ማለት ለጆሮ ይከብዳል የሚሉ አሉ። ተቃውሞው ተገቢ ቢሆንም የቃሉን ዝምድና ብንመለከት መፍትሔ እናገኛለን። ዕድል ከማደል ጋር የተዛመደ ነው፤ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ድርሻ ማለት ነው። የበሽታ ስሌትም ይኸው ነው፤ ለአንድ ወገን ሕዝብ የደረሰው ድርሻ ነው። «አደጋ» ብንል ድንገተኛ ጉዳትን፣ «ሥጋት» ብንል የልብ ፍርሃትን ያስከትላል። ስለዚህ «የመያዝ ዕድል» የሚለውን እንምረጥና ከጎኑ ሁልጊዜ የሰዎችን ቁጥር እናስቀምጥ።

ቁጥር ያስፈለገበትን ምክንያት አንድ ምሳሌ ያስረዳል። የዓለም ጤና ድርጅት አካል የሆነው ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት በ2009 እ.ኤ.አ. ቆዳን በሰው ሠራሽ ጨረር የሚያጠቁሩ አልጋዎችን ካንሰር እንደሚያመጡ ከተረጋገጡት ነገሮች ምድብ አስገብቷል። ከማስረጃዎቹ አንዱ ሰው ከ35 ዓመት ዕድሜው በፊት በእነዚህ አልጋዎች መጠቀም ከጀመረ ሜላኖማ በሚባለው አደገኛ የቆዳ ካንሰር የመያዝ ዕድሉ በ75 በመቶ ከፍ ይላል የሚል ነበር፤ በኋላ የተደረጉ ትንተናዎች ቁጥሩን ለውጠውታል። ረቂቁ ይህን ሲተረጉም ከተጠቃሚዎቹ 75 በመቶ ያህሉ በበሽታው እንደሚያዙ አድርጎታል። ልዩነቱ ሰፊ ነው። ለማነጻጸሪያ ያህል ከአንድ ሺህ ሰዎች 4ቱ ይያዙ ነበር ብንል፣ በ75 በመቶ ሲጨምር 7 ይሆናሉ፤ 750 አይሆኑም። እዚህ ላይ የጠፋው አንዲት «በ» ናት። እግረ መንገዳችንንም፣ ረቂቁ እነዚህን አልጋዎች «የቆዳ ማልፊያ» ብሏቸዋል። በአማርኛ የሚለፋው የበሬና የበግ ቆዳ እንጂ የሰው ገላ አለመሆኑን ማስታወስ ይበቃል፤ «ቆዳ ማጠቆሪያ አልጋ» ቢባል ይረዳል።

መንስኤ የሚለው ቃል ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። የፀሐይ ጨረር የቆዳ ካንሰር መንስኤ ነው ቢባል ስሕተት የለበትም፤ ይኸው ድርጅት ይህን በ1992 እ.ኤ.አ. አረጋግጧል። ረቂቁ ግን ተመራማሪዎች ዝምድና ብቻ ባዩበት ስፍራ ሁሉ መንስኤ ብሎ ጽፏል። ለምሳሌ በ1984 እ.ኤ.አ. የታተመ በምዕራብ አውስትራሊያ የተደረገ ጥናት፣ 10 ዓመት ሳይሞላቸው ወደዚያ አገር የገቡ ስደተኞች በሜላኖማ የመያዝ ዕድላቸው እዚያው ከተወለዱት ጋር ተቀራራቢ መሆኑን፣ ከ15 ዓመታቸው በኋላ የገቡት ግን ወደ ሩብ ዝቅ እንደሚል አሳይቷል። ይህ ግኝት ልጅነት ወሳኝ ዘመን ነው ለሚለው አስተሳሰብ ትልቅ መሠረት ሆኗል። ሆኖም በልጅነቱ የገባ ሰው በዚያች ፀሐይ ሥር የኖረባቸው ዓመታትም ይበልጣሉ፤ ስለዚህ ጉዳቱ ከልጅነት ቆዳ ለጋነት ይምጣ ወይስ ከዓመታት ክምችት የሚለው ተመራማሪዎችን ሲያከራክር ቆይቷል። «በልጅነት መሰደድ የሜላኖማ መንስኤ ነው» ብሎ የተረጎመ ሰው ክርክሩን በአንድ ቃል ዘግቶታል። «አጋላጭ ሁኔታ» ቢል ግን ዋናው ጽሑፍ ካለው አንዳች ሳይጨምር ሳይቀንስ ባስተላለፈ ነበር።

«ጨረር»ም እንዲሁ ቅጽል ይፈልጋል። እስራኤል በ1948 እ.ኤ.አ. ከተመሠረተች በኋላ እስከ 1960 ድረስ፣ በአብዛኛው ከሰሜን አፍሪካና ከመካከለኛው ምሥራቅ የመጡ ስደተኛ ልጆች የራስ ቆዳ ጭርትን ለማጥፋት በኤክስሬይ ይታከሙ ነበር። ከእነዚህ ውስጥ 10,834 ያህሉን የተከታተለው ጥናት በኋለኛ ዕድሜያቸው በራስና በአንገት ቆዳ ላይ የካንሰር መብዛትን አግኝቷል፤ ጉዳቱም የታከሙት ልጆች ዕድሜ ባነሰ መጠን የበረታ ነበር። ረቂቁ ይህን «በልጅነት የጨረር ሕክምና» ብሎ አልፎታል። የዛሬ አንባቢ የጨረር ሕክምና ሲባል የሚያውቀው የካንሰር መድኃኒትነቱን ነው። የትኛው ጨረር፣ ለየትኛው ሕመም የሚለው ሳይጻፍ ከቀረ፣ ልጇ የጨረር ሕክምና የታዘዘለት እናት ከሕክምናው ልትሸሽ ትችላለች።

4. «ቀደምት ሕይወት»

ረቂቁ የጽሑፉን ርእስ «የቀደምት ሕይወት ሁኔታዎች» ብሎታል። ቀደምት ሲባል አባቶችና የጥንት ዘመን ይታሰባሉ፤ የሕፃን ልጅ ዕድሜ አይታሰብም። አማርኛ ግን ለዚህ ዘመን ስያሜ የቸገረው ቋንቋ አይደለም። ፅንስ፣ አራስ፣ ጨቅላ፣ ሕፃን፣ ልጅ፣ ጉርምስና እያለ ደረጃ በደረጃ ይለያል፤ ሁሉን በአንድነት ለመጥራትም «ለጋ ዕድሜ» የሚል ያማረ ሐረግ አለው። ርእሱ «በለጋ ዕድሜ የሚያጋጥሙ ሁኔታዎች» ቢባል ማንም ይረዳዋል። ውስጡ ሲገባ ደግሞ ደረጃው በስሙ መጠራት ይኖርበታል፤ የጨቅላውና የጎረምሳው ጥንቃቄ አንድ አይደለምና።

ከዚህ የከበደው ስሕተት ከዘር የሚወረሰውንና አብሮ የሚወለደውን መቀላቀል ነው። ረቂቁ ሁለቱንም «በዘር የሚመጣ» ይላቸዋል። ዜሮደርማ ፒግሜንቶሱም የሚባለው ሕመም በእርግጥ ከወላጆች የሚወረስ ነው። ሞሪትዝ ካፖሲ በ1874 እ.ኤ.አ. የገለጸው ይህ ሕመም ያለባቸው ልጆች ገና በለጋነታቸው በቆዳ ካንሰር ይያዛሉ፤ ምክንያቱም ጄምስ ክሊቨር በ1968 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው የሰውነታቸው ሕዋሳት በፀሐይ የተጎዳውን ዲኤንኤ መጠገን ይሳናቸዋል። ሕፃኑ አብሮት የሚወለደው ትልቅ ጥቁር ምልክት ግን ምንም እንኳ ሜላኖማ የመያዝ ዕድልን ከፍ ቢያደርግ፣ ብዙውን ጊዜ ከወላጅ የተወረሰ አይደለም። በአማርኛ «በዘር» የሚለው ቃል ከትዳርና ከቤተሰብ ክብር ጋር የተያያዘ ነው። ያልተወረሰውን ተወረሰ ማለት የአንዲትን ልጅ ስም ሊያስነሣ ይችላል። «ከዘር የሚወረስ» እና «አብሮ የሚወለድ» ብሎ መለየት አያስቸግርም።

ሕዝቡ አብሮ የሚወለደውን ምልክት «ማርያም የሳመችው» ይለዋል። ፍቅር ያለበት አጠራር ነውና ተርጓሚ ሊንቀው አይገባም፤ ትልቁን ምልክት ሐኪም እንዲከታተለው ሲመከርም በዚሁ ስም ጀምሮ ማስረዳት ይቻላል። ረቂቁ ግን ምልክቱንም፣ በኋላ የሚወጡትን ጥቁር ነጥቦችም «ኪንታሮት» ብሏቸዋል፤ ይህ ፍጹም ሌላ ሕመም ነው። አልቢኒዝምንም «ለምጽ» ብሎታል። ለምጽ ከተወለዱ በኋላ የሚመጣ የቀለም መጥፋት ሲሆን፣ አልቢኒዝም ግን ከውልደት ጀምሮ የሰውነት ቀለም ማነስ ነው። ከሰሐራ በታች ባሉ አገሮች አልቢኒዝም ያለባቸው ሰዎች ገና በወጣትነታቸው በቆዳ ካንሰር ስለሚጠቁ፣ ኮፍያና እጀ ረጅም ልብስ ከሕፃንነት ጀምሮ የሚያስፈልጋቸው እነርሱ ናቸው። በአማርኛ ጽሑፉ የመጀመሪያ ተጠቃሚ ሊሆን የሚገባው ወላጅ የልጁን ስም በረቂቁ ውስጥ አያገኘውም።

5. ፀሐይና የቆዳ ቀለም

«ፀሐይ መታው» ሲባል አማርኛ ተናጋሪው የሚያስበው ምችን ነው፤ ራስ ምታትን፣ ትኩሳትን፣ ከንፈር ላይ የሚወጣውን ቁስልና ዳማ ከሴን ያስታውሳል። የቆዳ መቅላትና መላጥ ግን ሌላ ነገር ነው። ረቂቁ በልጅነት ደጋግሞ የደረሰን የቆዳ ቃጠሎ «የፀሐይ ምች» ብሎ መተርጎሙ ምች ካንሰር ያመጣል የሚል አዲስ ፍርሃት ይፈጥራል። «በፀሐይ የተነሣ የቆዳ ቃጠሎ» የሚለው ሐረግ ቢረዝምም እውነቱን ይናገራል።

በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው ከፍ ያለውን ሰዎች ረቂቁ «ቀይ ቆዳ ያላቸው» ይላል። በእኛ አነጋገር ቀይ፣ ቀይ ዳማ፣ ጠይምና ጥቁር የሚባሉት የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ዋናው ጽሑፍ የሚናገረው ግን ፀሐይ ሲያገኘው ከመጥቆር ይልቅ ስለሚቃጠል ነጭ ቆዳ ነው። ቀይ የተባለች ኢትዮጵያዊት ያለ ምክንያት ትፈራለች። በአንጻሩ ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሕዝቦች ሜላኖማ ሲከሰት በአብዛኛው በውስጥ እግር፣ በመዳፍና በጥፍር ሥር እንደሚወጣ፣ በዚህ ዐይነቱም የፀሐይ ድርሻ ዋና አለመሆኑን ረቂቁ አልተናገረም። ይህ የተርጓሚው ጥፋት ባይሆንም ቀለሙ ሲተረጎም አንባቢው ማን እንደሆነ አለመታሰቡን ያሳያል።

ከሁሉ የሚያሳስበው «ሕፃናትን ከፀሐይ ያርቁ» የሚለው ትእዛዝ ነው። ነጭ ቆዳ ላላቸው የአውስትራሊያ ሕፃናት የተነገረ ምክር ነው፤ በዚያም ትክክል ነው። በእኛ ባሕል ግን ጨቅላን የማለዳ ፀሐይ ማሞቅ የቆየ ልማድ ሲሆን ሐኪሞችም ይመክሩታል፤ ቫይታሚን ዲ ያጣ ሕፃን አጥንቱ ይለሰልሳል፣ ሪኬትስ ይይዘዋል። በአዲስ አበባ የኢትዮ ስዊድን ሕፃናት ሆስፒታል ተደርጎ በ1997 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ በሳንባ ምች ከታመሙ 500 ልጆች 210ሩ ሪኬትስ እንደነበረባቸው፣ ሳንባ ምች ካልያዛቸው 500 ልጆች ግን 20ዎቹ ብቻ እንደነበሩ አሳይቷል። ጥቁር ቆዳ ያለው ሕፃን ፀሐይ በሚያንስበት የውጭ አገር ሲያድግ ደግሞ ችግሩ ይብሳል። ስለዚህ ያለ ማብራሪያ የተተረጎመው ትእዛዝ ለእርሱ እጅግ አነስተኛ የሆነውን የካንሰር ዕድል ሊቀንስ ብሎ ቅርብ የሆነ ሕመም ሊያመጣበት ይችላል። እዚህ ላይ ተርጓሚው ዝም ብሎ መተርጎም አይገባውም፤ ለአሳታሚው ደብዳቤ ጽፎ ምክሩ ለየትኛው ቆዳ እንደሆነ ማስጠየቅ አለበት።

6. ማጠቃለያና የስያሜ ሐሳብ

ከዚህ በላይ በተመለከተው መሠረት የሚከተሉት ስያሜዎች ለውይይት ቀርበዋል። ለበሽታው «የቆዳ ካንሰር»፤ ከፀሐይ ወይም ከሌላ ነገር ጋር ለመገናኘት «መጋለጥ»፤ በተፈጥሮ በቀላሉ ለመጎዳት «ተጋላጭነት»፤ ለስሌቱ «የመያዝ ዕድል» ከሰዎች ቁጥር ጋር፤ ዝምድናው ለታየ ነገር «አጋላጭ ሁኔታ»፤ አምጪነቱ ለተረጋገጠ ብቻ «መንስኤ»፤ ለዘመኑ «ለጋ ዕድሜ»፤ ለሁለቱ አመጣጦች «ከዘር የሚወረስ» እና «አብሮ የሚወለድ»፤ ለቆዳው ጉዳት «በፀሐይ የተነሣ የቆዳ ቃጠሎ»።

ከእነዚህ መካከል አዲስ የተፈጠረ ቃል የለም። ሁሉም በእጃችን የነበሩ ናቸው፤ የተጨመረው እያንዳንዱ ለአንድ ፅንሰ ሐሳብ ብቻ ይዋል የሚለው ስምምነት ነው። የሕክምና ባለሙያዎች በአንዳንዶቹ ላይ የተሻለ ሐሳብ ሊኖራቸው ይችላል፤ በተለይ «የመያዝ ዕድል» በሚለው ላይ ክርክር እንደሚነሣ ይህ ጸሐፊ ይጠብቃል፤ በደስታም ይቀበላል። ረቂቁን በተመለከተ፣ ከተርጓሚው ጋር ተቀምጠን ሦስት ቀን ሠርተንበታል። በመጨረሻው ቀን ተርጓሚው የጠየቀው ጥያቄ ስለ ካንሰር አልነበረም። የራሱ ልጅ ገና አራት ወሩ ነውና ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ያሙቀው እንደሆነ ጠየቀ። ሐኪሙን እንዲያማክር ነገርነው። ሐኪሙን የማያገኘው አንባቢ ግን የሚያማክረው እኛ የጻፍነውን ነው።